ሸዊሽ ዳውድ ያልወጣው ደረጃ

ዶክተር ሁዘይፋ ከደረጃው ሥር ተደፍቶ የተገኘው የዐስር ሶላት ተሰግዶ፣ ጥላው ጓሮውን መሸፈን ሲጀምር ነው። ያገኘችው ሚስቱ ሉጥፊያ ናት። ከለቅሶ ቤት ተመልሳ ገና ቶቧን ሳታወልቅ፣ ውሃ ልትቀዳ ወደ ጓሮ ብትዞር፣ ባሏ ወደ ጣሪያ በሚያስወጣው የሲሚንቶ ደረጃ እግር ሥር ተዘርግቷል። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ፀጉሩ በደም ተለውሷል። አንድ እግሩ ባዶ ነው፤ ነጠላ ጫማው ብቻውን ከደረጃው ጫፍ ላይ ቀርቷል። ጩኸቷን የሰማ የካርቱሙ የሪያድ ሰፈር ሰው ደጃፉን ሞላው።

ነፍሱ አልወጣችም ነበር። አምቡላንስ ሳይጠበቅ በጎረቤት መኪና ሆስፒታል ወሰዱት።

መርማሪው ሙሄዲን በፖሊስ ፒክአፕ መኪና ሲደርስ ሕዝቡ ጥፋተኛዋን አግኝቶ ጨርሶ ነበር። በሰው አገር፣ በሰው ቤት ደም ሲፈስ መጀመሪያ የሚፈለገው የሠራተኛዋ እጅ ነው። ይህን ሳይነገራት የምታውቅ ሐበሻ ካርቱም ውስጥ የለችም። የቤቱ ሠራተኛ ፋሪሃ ኩሽና ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አያቷ ሀጀራ ወሬውን ሰምታ ከጀሪፍ ሰፈር እየሮጠች መጥታ፣ ልጅቱን በሻርፗ ሸፍና እንደ ዶሮ አቅፋታለች።

«ካቴና ላምጣ ጀናቡ?» አለ አብሮት የመጣው ፖሊስ።

«ለምን?»

«ሐበሻ ናት እኮ! ዛሬ ካልያዝናት ነገ የከሰላን ከተማ አልፋ ድንበር ላይ ናት።»

«አያቷ ካርቱም ተቀምጣ ወዴት ትሄዳለች? ተዋት።»

ሀጀራ በተሰባበረ ዓረብኛ ጀመረች። «ጀናቡ፣ የልጄ ልጅ ናት። ወላሂ ዶሮ እንኳ አርዳ አታውቅም። እናቷ ወሎ ቀርታ አደራ የሰጠችው ለኔ ነው።» ከዚያ ፊቷን ወደ ልጅቱ አዙራ በአማርኛ፣ ጸሎት በሚመስል ድምፅ፣ «አፍሽን ያዢ የኔ ዓለም። ያየሽው የለም፤ የሆነም የለም» አለቻት።

ሙሄዲን ምድጃውን ያይ ነበር። አልዞረም። ይህ ሰው አማርኛ እንደሚሰማ በጣቢያው የሚያውቅ አልነበረም፤ እሱም እንዲያውቁ አልፈለገም።

«ጌታሽ ሲወድቅ የት ነበርሽ?» አላት።

«እዚሁ። ዌካ እየወቀጥኩ።» የደረቀውን ባሚያ፣ ሱዳኖች ለወጥ የሚያደርጉትን፣ ማለቷ ነው።

«ድምፅ አልሰማሽም?»

«ሙቀጫ ይጮኻል፣ ጀናቡ።»

ወለሉ ታጥቧል። ሙቀጫው ግን ኩሽና ውስጥ የለም፤ ያለው ዘነዘናው ብቻ ነው፣ ታጥቦ በግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሙሄዲን ይህን አይቶ ምንም ሳይል ወጣ።

ሉጥፊያ ሳሎን ውስጥ ጎረቤቶች ከበዋት ነበር። መርማሪውን ስታይ አስወጣቻቸው።

«ጠላት አለው?»

«ጠላት?» ድምጿ ሰለለ። «ከፊት ለፊታችን ያለው ጋፊር አለ አይደል! ሸዊሽ ዳውድ የሚባለው።»

ዳውድ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ጅምር ሕንጻ የሚጠብቅ ጡረተኛ አሥር አለቃ ነው። የደቡቡ ጦርነት ሁለት ጉልበቶቹን በልቶበታል። መኪና ተገልብጦበት መገጣጠሚያው ደቅቆ፣ የጉዳት አበል ሲጠይቅ፣ ዶክተር ሁዘይፋ ያለበት የጦር ሐኪሞች ቦርድ «ሕመሙ የእርጅና ነው፣ የግዳጅ አይደለም፤ ሰውየው ያለ ረዳት ደረጃ ይወጣል» ብሎ መለሰው። ይግባኝ ብሏል፤ ቀኑ ተቃርቧል። ዶክተሩን ደግሞ ደጁ ላይ ቆሞ ከመለመን አንድ ቀን አይቦዝንም።

«ትናንት ምን እንዳለው ታውቃለህ?» አለች ሉጥፊያ። «'ሳዓደትክ፣ ፈጣሪ የኔን ጉልበት ሰጥቶ ደረጃ ያስወጣህ' አለው። በሰው ፊት። ይህ እርግማን ነው ወይስ ሰላምታ?»

«እርግማን ነው። ዱላ ግን አይደለም።»

«ዱላ ስላለው ነዋ የነገርኩህ!»

ዳውድ በጅምሩ ሕንጻ ምድር ቤት፣ በር በሌለው ክፍል፣ አንገሬብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጉልበቶቹን በጨርቅ ጠቅልሏቸዋል። መኮንን ሲያይ ለመነሳት ዱላውን ያዘ።

«ይቀመጡ፣ ሸዊሽ።»

«መኮንን ቆሞ እኔ አልቀመጥም፣ ጀናቡ።»

ለመነሳት ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ሙሄዲን ዐይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። ሽማግሌ ሰው ሲታገል ማየት ያሳፍራል።

«ከቀትር በኋላ ማን ወደዚያ ቤት እንደገባ አይተዋል?»

ዳውድ የመንገዱን ማዶ አየና፣ «ማንን ያዛችሁ?» አለ።

ፖሊሱ ቀደመ። «ሐበሻይቱን። ሌላ ማን ይያዛል?»

ሽማግሌው ፊቱ ተለዋወጠ። ፋሪሃ ከዚያ ቤት ማዕድ የተረፈውን ሳይሆን፣ ማዕድ ሳይቀርብ በፊት የተቀዳ ምግብ በሳህን ከድና መንገድ አቋርጣ የምታመጣለት ልጅ ናት። እሱ «ቢቲ» ይላታል፣ ልጄ እንደማለት። እሷም «አሚ» ትለዋለች፣ አጎቴ።

«ልቀቋት» አለ። «እኔ ነኝ የመታሁት።»

«በምን?»

«በዚህ ዱላ።»

«የት ሆነው?»

«ደረጃው ጫፍ ላይ። ወጥቼ።»

«በዚህ ጉልበት?»

ዳውድ ቀና አለ፤ እንደ ተሰለፈ ወታደር። «ቦርዱ ደህና ነው ብሎኛል፣ ጀናቡ። የመንግሥት ሐኪም ይዋሻል እንዴ?»

ፖሊሱ ሳቀ። ሙሄዲን አልሳቀም። ዱላውን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አየው። አቧራ የጠጣ፣ ለዓመታት በላብ የጠቆረ እንጨት ነው። ደም የለበትም፤ የታጠበም አይደለም።

«ይህን ቃል ከሰጡ ይግባኙ አከተመለት፤ ያውቃሉ? ደረጃ ወጥቶ ሰው የመታ ሰው ጉልበቴ ታመመ ብሎ አይከራከርም። ከዚያም እስር ቤት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ልጅቱን ልቀቋት ብያለሁ፣ ኸላስ።»

በማግሥቱ ጠዋት ዶክተር ሁዘይፋ ነቅቶ ነበር። ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠምጥሞ፣ ዐይኑ ከጣሪያው አይወርድም።

ከክፍሉ ውጪ ነርሷ ሙሄዲንን አስቆመችው። «ቁስሉን ሳጥብ ፀጉሩ ውስጥ አረንጓዴ ዱቄት አገኘሁ። የሞሎኪያ ወጥ የተደፋበት መስሎኝ ሳቄ መጣ፤ አስተግፊሩላህ።»

ሙሄዲን አመስግኖ ገባ።

«ማን መታዎት፣ ዶክተር?»

«አላየሁም። ከኋላዬ ነው።» ፋሻውን ዳሰስ አድርጎ፣ «ዳውድ ይሆናል» አለ።

«ላይ ምን ሊሠሩ ወጥተው ነበር?»

«የውሃ ታንከሩን ለማየት።»

«ዳውድስ ተከትሎዎት ደረጃውን ወጣ?»

ሐኪሙ ከንፈሩን ላሰ።

«እኔን የቸገረኝ ይህ ነው» አለ ሙሄዲን ወንበር ስቦ። «ይህ ሰው ደረጃ ይወጣል ብለው ፈርመዋል። ፊርማዎ እውነት ከሆነ መቺው እሱ ሊሆን ይችላል። ፊርማዎ ውሸት ከሆነ ግን የመታዎት ሌላ ሰው ነው። የቱን ልያዝ?»

«ወጥቷል!» አለ ዶክተሩ። «ቦርዱ ፊት ወጥቷል፣ በዐይኔ አይቻለሁ።» ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ። ዶክተሩ ፋሪሃን አለመክሰሱ ሙሄዲንን ገረመው። ቤት ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ፤ አገሩ ሁሉ ጣቱን የቀሰረው እሷ ላይ። እሱ ግን ስሟን አላነሳም። ሰው አንድን ስም የማያነሳው ከስሙ ጋር ሌላ ነገር አብሮ እንዳይነሳ ነው።

ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ሪያድ ሄዶ ደረጃውን ብቻውን ወጣ። ጣሪያው ላይ በሳጠራ የተሰጣ ባሚያ ይደርቃል። ጥጉ ላይ ሙቀጫው ቆሟል፤ ዙሪያው አረንጓዴ ብናኝ። ፋሪሃ የወቀጠችው ኩሽና ሳይሆን እዚህ ነው። ታንከር የሚባል ነገር የለም። ያለው አንዲት ክፍል ናት፣ የሠራተኛዋ መኝታ፤ በሯ መቀርቀሪያ የለውም።

ከበሩ በስተ ውስጥ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ክብ ክብ የዝገት ምልክቶች አሉ። ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ የተቀመጠ ነገር የሚተወው ዓይነት። ሙሄዲን ጎንበስ ብሎ በአንገሬቡ ሥር አየ። አንድ ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ተንከባሎ ግድግዳው ጋ ቆሟል። ሌሎቹን ትናንት በሻርፗ ሥር ደብቃ የወሰደቻቸው አያት ይህቺን አላየቻትም።

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ገዳሪፍ ሳሉ እናቱ ቆርቆሮ ትደረድር ነበር። በሰው ቤት ተቀጥራ፣ እሱን ከጎኗ አስተኝታ፣ መቀርቀሪያ በሌለው በር ጀርባ ታነባብራቸዋለች፤ በሩን የገፋ ሰው እንዲያንኮሻኩሽ። «ለምንድን ነው?» ሲላት «ለድመት ነው» ትለው ነበር። ድመቷ ማን እንደሆነች የገባው አድጎ፣ የፖሊስ ልብስ ለብሶ ነው። ሲገባው ደግሞ እናቱን አቅፎ በማልቀስ ፈንታ፣ ሐበሻ ናት ብሎ ለማንም ላለመናገር ወሰነ። እሷም በዚያው አረፈች።

የሆነው ሁሉ አሁን ፊቱ ነው። እውነቱን ቢጽፍ፣ አሠሪዋን በዘነዘና የመታች የሐበሻ ሠራተኛ ማን ያምናታል? የዳውድን ቃል ቢቀበል ደግሞ ሽማግሌው እስር ቤት ይሞታል። ቆርቆሮዋን ይዞ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ ሁሉንም ጓሮው ውስጥ ለመሰብሰብ ወሰነ።

ዶክተሩ ከሆስፒታል ሲወጣ ሰበሰባቸው። ዶክተሩ ወንበር ላይ፣ ሉጥፊያ ከጎኑ ቆማ፣ ፋሪሃና ሀጀራ ከኩሽናው በር ጋ ተጣብቀው። ፖሊሱ ዳውድን ደግፎ አመጣው።

«ሸዊሽ፣ መታሁ ብለዋል። እንዴት እንደወጡ ያሳዩኝ» አለ ሙሄዲን።

«ትዕዛዝ ነው ጀናቡ?»

«አይደለም። አላዝዎትም። መተው ይችላሉ።»

«ባለፈው ቦርዱ ላይ አዘውኝ ነበር» አለ ዳውድ ወደ ዶክተሩ እያየ። «ሳዓደትክ ኮሎኔል ነበሩ፤ 'ውጣ' አሉኝ። ወታደር ኮሎኔል ውጣ ሲለው ምን ይላል? 'ሃድር' አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ስወድቅ አይተውኛል፤ ዘልለውኝ ነው ያለፉት። እሱን ግን አልጻፉትም።»

ዶክተሩ መሬት መሬት አየ።

ዳውድ ግድግዳውን ይዞ አንዱን እርከን ወጣ። ጉልበቱ እንደ ደረቅ እንጨት ሲንቋቋ ሁሉም ሰማው። ሁለተኛውን በዱላው ተመርኩዞ፣ አንገቱ ላይ ሥሩ ተገትሮ ወጣ። ሦስተኛው ላይ ቆሞ ተነፈሰ፤ ላቡ በጢሙ ይወርዳል።

«ያረቢ፣ አስቁሙት እንጂ!» አለች ሀጀራ።

«ተዉኝ። ይኸው እወጣለሁ። ደህና ነኝ እኮ!» አለ ዳውድ። አራተኛው ላይ እግሩን ሲያሳርፍ ጉልበቱ ከዳው። በሁለት እጁ እርከኑ ላይ ተደፋ። ዱላው እየተንኳኳ ወርዶ ዶክተሩ እግር ሥር ቆመ። ሽማግሌው ግን አልተነሳም፤ በእጁና በደረቱ ሊድህ ጀመረ። ጥፋተኛ ለመሆን የሚድህ ሰው።

ሉጥፊያ ፊቷን በቶቧ ሸፈነች። «ይህንን ነው ደህና ነው ያልከው?» አለች ከውስጥ።

ፋሪሃ ከአያቷ እቅፍ አምልጣ ደረጃው ላይ ነበረች።

«አሚ፣ ይብቃዎት! በአላህ ይብቃዎት!» ከዚያ ወደ መርማሪው ዞራ፣ «እኔ ነኝ የመታሁት። በዘነዘናው» አለች።

«ዝም በይ!» አለ ዳውድ ከተደፋበት። «ዝም በይ፣ ቢቲ! ጀናቡ፣ አይስሟት። ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ጩኸቷን ሰማሁ። ቆርቆሮው ሲንኮሻኮሽ፣ ከዚያ እሷ ስትጮህ። መንገዱን አቋርጬ ገባሁ፣ እዚህ ድረስ ወጣሁ።» ሦስተኛውን እርከን በመዳፉ መታው። «እዚህ ቀረሁ። ዕድሜዬን በወታደርነት ጨርሼ፣ ለአንዲት ልጅ ከዚህች በላይ መውጣት አቃተኝ። ተመልሼ ሄጄ አንገሬቤ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚህ የሚበልጥ ምን ውርደት አለ?»

ፋሪሃ አጠገቡ እርከኑ ላይ ተቀመጠች። ድምጿ የሚሰማ አይመስልም ነበር።

«ደርሰዋል፣ አሚ። ከእጁ አምልጬ ሙቀጫው ጋ ደርሼ ነበር፤ ደረጃው ጫፍ ላይ መንገዴን ዘጋብኝ። እርስዎ ወርደው ሲመለሱ ዱላዎ ከታች ሲያንኳኳ ሰማና ዞረ። ወደ ታች ሲያይ ነው የመታሁት። ባይዞር ኖሮ አልችለውም ነበር።»

ቁስሉ ለምን ከኋላ እንደሆነ ሙሄዲን አሁን ገባው።

ሀጀራ በአማርኛ እያለቀሰች ነበር። «አጠፋሽን! አፍሽን ያዢ አላልኩሽም? አሁን ማን ያምነናል?»

ሙሄዲን የወተት ቆርቆሮዋን ከኪሱ አወጣ። ወደ አሮጊቷ ቀርቦ፣ ለብዙ ዓመታት ባልተናገረው፣ በተወላገደ አማርኛ፣ «እማማ፣ ይህቺን ረስተሽ ሄድሽ። የኔ እናትም ትደረድር ነበር» አላት።

ፖሊሱ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሀጀራ ቆርቆሮዋን ተቀበለች። አንዴ ሰውየውን፣ አንዴ ልብሱን አየችና፣ «ወይ ልጄን! ሰምተኸኝ ነበር ለካ!» አለች። ከሁሉም በላይ ያፈረችው በዚህ ይመስላል።

«ምን አላት? ቆርቆሮው ምንድን ነው?» አለች ሉጥፊያ። ሙሄዲን ነገራት፤ መቀርቀሪያ የሌለው በር ላይ ለምን ቆርቆሮ እንደሚደረደር፣ ቃል ሳያሳምር።

«ወድቄ ነው» አለ ዶክተሩ በድንገት። «ማንም አልመታኝም። ክሴን አነሳለሁ፤ ኸላስ። ታንከሩን ለማየት ወጥቼ ወደቅኩ።»

ሉጥፊያ ቶቧን ከፊቷ ገለጠች።

«ታንከራችን መሬት ላይ ነው፣ ሁዘይፋ» አለች። «ከዚህች ልጅ በፊት የነበረችው ለምን ሳትሰናበተኝ እንደሄደች ጠይቄህ ነበር። ሐበሻ ውለታ አያውቅም አልከኝ። እኔም ለጎረቤት ሁሉ እንደዚያው አወራሁ።» ወደ ፋሪሃ ዞረች፤ ልትናገር ፈለገች፤ ዐይኗን ማንሳት አቃታትና ወደ ቤት ገባች።

ሙሄዲን የሆነውን ሁሉ እንደሆነው ጻፈ። ዶክተሩ ለምን እንደወጣ፣ ልጅቱ ራሷን እንዴት እንደተከላከለች፣ ዳውድ የት እርከን ላይ እንደወደቀ። አለቆቹ «ቋንቋቸውን ከየት ታውቃለህ?» ሲሉት «ከእናቴ» አለ። አንዳንዱ ሰላምታ ቀነሰበት። ሉጥፊያ መጥታ የባሏን መዋሸት በቃሏ ስላረጋገጠች ፋሪሃ ሳትታሰር ቀረች፤ ዶክተሩም ከቦርዱ ወረደ። በልጅቱ ላይ ሊያደርግ በሞከረው ግን ያሠረው የለም፤ እንዲህ ያለው ነገር በዚያ አገርም በሌላውም ቶሎ ይሸፈናል። ፋሪሃ ጀሪፍ አያቷ ጋ ገባች፤ ጎረቤት ሲያንሾካሹክ እንዳትሰማ ሀጀራ ራድዮ ከፍ ታደርግላት ነበር።

የይግባኙ ቀን ሙሄዲን ምስክር ሆኖ ከዳውድ ጎን ተቀመጠ። አዲሱ ሰብሳቢ ጡረታ የወጣ ጄኔራል ነው። ጥግ ላይ ያለችውን ባለ ሦስት እርከን የእንጨት ደረጃ በእስክሪብቶው አመለከተ።

«ሸዊሽ ዳውድ፣ ውጣ።»

የዳውድ ትከሻ ቀጥ አለ። አፉ «ሃ...» ሲል ሙሄዲን ሰማው። ከዚያ ተዘጋ።

«አልችልም፣ ሳዓደትክ።»

«ባለፈው ወጥተሃል ይላል እዚህ።»

«ታዝዤ ነው።»

«ዛሬም አዝዤሃለሁ።»

ዳውድ ወለሉን እያየ ነበር። ጆሮው ድረስ ቀልቷል። «ለአንዲት ልጅ መውጣት ያቃተኝን ደረጃ ለእርስዎ ብወጣው ሐራም ይሆንብኛል» አለ። «አልችልም። ደጋግሜ እለዋለሁ። አልችልም።»

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሙሄዲን ያየውን ተናገረ። ሐኪሞቹ ዳውድን ወንበር ላይ እንዳለ ጉልበቱን ፈትተው፣ ይዘው፣ አጥፈው፣ ሲጮህ ሰምተው መረመሩት። ተማከሩ።

ከግቢው ውጪ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ ሀጀራና ፋሪሃ ቆመው ነበር። ሀጀራ ከበሩ ሳይርቅ ጠየቀችው። «ምን አሉህ? ዓይንህ ደግሞ ምን ሆነ? ኧረ ተናገር ሰውዬ፣ ልቤን አታጥፋው!»

«ጉልበትህ የሞተው በግዳጅ ላይ ነው አሉኝ።»

«እና ጥሩ ነው መጥፎ?»

«ጥሩ ነው» አለ ዳውድ። ፋሪሃን ግን አላያትም። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ጠርዙ ከፍ ያለ ነበር። ሙሄዲን ሊደግፈው እጁን ዘረጋ። ሽማግሌው አልያዘውም። ትንሽ ቆሞ፣ ወደ ልጅቱ ሳይዞር፣ «ቢቲ፣ ያዢኝ» አለ።

ፋሪሃ ትከሻዋን ሰጠችው፤ ክብደቱን ሁሉ ጥሎባት ወረደ።